ያመጣሁት አባት

«ወላጅ አምጪ» የሚባለውን ነገር ማን እንደፈለሰፈው አላውቅም። ባውቀው ፊት ለፊቱ ቆሜ የምለው ነበረኝ። በእኛ ጊዜ ደሴ ላይ ለሚማር ልጅ ከዚህ የከፋ ቃል አልነበረም። አረፈድሽ? ወላጅ አምጪ። ሹራብሽ ከዩኒፎርሙ ጋር አልገጠመም? ወላጅ አምጪ። አንድ ልጅ በሰልፍ ሰዓት ባንዲራ ሲወጣ አስነጠሰ ተብሎ ወላጅ አምጣ ሲባል በዓይኔ አይቻለሁ፣ ወላሂ! ክርስቲያን ሆኜ ወላሂ ማለቴ የሚገርመው ሰው ካለ ወሎን አያውቅም ማለት ነው።

የኔ ወላጅ ቅርብ ነበር። አባቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል። ሲጠራ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥቶ፣ ሲጋራውን በር ላይ አጥፍቶ፣ ሁለት ቃል ሰምቶ፣ አንዴ በኩርኩም ብሎኝ ይመለሳል። አለቀ። ኮምቦልቻ ሁለተኛ ደረጃ ጠፍቶ አይደለም ደሴ የላከኝ፤ እሱ በልጅነቱ ደሴ ተምሮ ስለነበር ልጄም እዚያ ካልተማረች ብሎ ችክ ስላለ ነው። ከኩታበርና ከቦሩ ሜዳ ወዲያ የመጣውስ ልጅ? አባቱ አውድማ ላይ በሬ የሚነዳው ልጅስ? እሱን ማንም አስቦት አያውቅም። ለዚያ ትልቅ ግቢ፣ ለዚያ ሁሉ ሺህ ተማሪ፣ ወላጅ ማለት ፒያሳ ሱቅ ያለው ሰው ነበር።

ጓደኛዬ የኩታበር ልጅ ነበረች። ሰኞ ገበያ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። እኔ ክርስቲያን፣ እሷ እስላም፤ አንድ ምድጃ፣ ሁለት ድስት። ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሯ፣ ሲቀናት በጭነት መኪና፣ አገሯ ትገባለች። እሑድ ድርቆሽና ሽሮዋን ተሸክማ ትመለሳለች፤ ከዚያ እኩል እንበላለን። በሒሳብ ክፍሉን በሙሉ ታስከነዳ ነበር። ዝምተኛ ናት፣ አንዴ ከተናገረች ግን ሰው የሚያስደነግጥ ነገር ነው የምትናገረው።

አንድ ጊዜ ለመውሊድ አገሯ ይዛኝ ሄዳለች። አባቷ ቀጠን ያሉ፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ገበሬ ናቸው። ሥጋቸውን እንደማልበላ አውቀው ለኔ ለብቻዬ ቅቤ የበዛበት ገንፎ አሠርተው ጠበቁኝ። «መርሐባ፣ መርሐባ የኔ ልጅ» ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ስንበላ ለልጃቸው እንዲህ አሏት፦ «እኔ የማውቀው መሬቴን ነው። አንቺ ተማሪ። ግን ስምሽ በክፉ የተነሣ ቀን፣ ያን ቀን ወደ ቤትሽ ነሽ።» ፈገግ ብለው ነበር የተናገሩት። እኛ የአሥራ ስድስት ዓመት ጅሎች ፈገግታውን እዚያው ትተን ቃሉን ብቻ ይዘን ተመለስን።

እንግዲህ ያ ዘመን የፕላዝማ ዘመን ነው። መንግሥት የትምህርት ጥራት ብሎ በየክፍሉ አንድ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን በብረት ሣጥን ቆልፎ ሰቀለብን። አንድ የማናውቀው ሰውዬ ከአዲስ አበባ ሆኖ በእንግሊዝኛ ያወራል። ይሮጣል እንጂ አያወራም። «ሁለት ደቂቃ አላችሁ፣ ሥሩ» ይላል፣ እርሳስ ሳንቀርጽ መልሱን ይነግረናል። ገባችሁ ወይ የለ፣ ይደገም ወይ የለ። ዲግሪ ጭኖ የመጣው መምህር ደግሞ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ጥግ ላይ ይቆማል፤ ሥራው ማብራትና ማጥፋት ነው። ሰማንያ ምናምን ልጅ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ሦስት ሦስት ሆነን በአንድ ዴስክ ታጭቀን፣ አፋችንን ከፍተን እናያለን። መብራት ሲጠፋ የምናጨበጭበው ጭብጨባ! ያን ጭብጨባ የሰማ አንድ ባለሥልጣን እንኳ ቢኖር ያፍር ነበር። ማን ሰምቶ!

ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ፣ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ነበር። ሰውዬው እንደ ልማዱ ሲሮጥ ጓደኛዬ እጇን አወጣች። ለፕላዝማ እጅ አይወጣም፤ ሁላችንም ዞረን አየናት።

«ቲቸር፣ እሱ የሚያወራው ለራሱ ነው» አለች። «ያጥፉትና እርስዎ ያስተምሩን።»

ክፍሉ በሣቅ ተናጋ። መምህሩ በሩን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ፣ ከዚያ ደስ አለው። ደስ ማለቱን ፊቱ ላይ አይቻለሁ፣ ማንም አይክደኝም። «ማብሪያ ማጥፊያው አጠገብሽ አይደል?» አላት። አጠፋችው።

ጠመኔ አነሣና ሰሌዳው ላይ ቁልቁለት ሣለ። «ይሄ ሐረጎ ነው» አለን። የጭነት መኪና ሣለበት። ሹፌሩ ቁልቁል ሲወርድ ለምን ከባድ ማርሽ እንደሚያስገባ፣ ፍሬኑን ብቻ ካመነ ለምን ጎማው እንደሚጨስ፣ ጭነት ሲበዛ ለምን ማቆም እንደሚያስቸግር በአማርኛ አስረዳን። በየሳምንቱ የምወጣው የምወርደው መንገድ እኮ ነው! በሕይወቴ ፊዚክስ የገባኝ ያን ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው።

በሩ ተከፈተ። ዩኒት ሊደሩ ነበር። የተማሪ ሥነ ሥርዓት የሚቆጣጠረውን መምህር ነው ዩኒት ሊደር የምንለው። በዕድሜው አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ አልልም፣ ምን ቆርጦኝ! ከኋላው ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ፣ ደብተር የያዙ ሦስት እንግዶች ቆመዋል። የመጡት ፕላዝማው በሥርዓቱ መሥራቱን ለማየት ነው።

«ለምን ጠፋ?» አለ ዩኒት ሊደሩ።

መምህሩ ጠመኔው እጁ ላይ እንዳለ «እሷ ናት ያጠፋችው» አለ።

ውሸት አልተናገረም። እሱ ነው እኮ የሚያንገበግበው! ጣቷ ነው ያጠፋው። እንግዶቹ አንድ ነገር ደብተራቸው ላይ ጫሩ፣ የዩኒት ሊደሩ ፊት ጠቆረ። «ነይ ውጪ» አላት። «ወላጅሽን ሳትይዢ ይህን ግቢ እንዳትረግጪ።» መምህሩ በኋላ ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ «ልጆች አሉኝ እኮ» አለኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ፤ እኔ ግን አህያዋን ራሱ ለጅብ የሚጎትት ባል ያየሁት ያኔ ነው።

የአሥረኛ ክፍል ማትሪክ ምዝገባ በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ይዘጋል። ክፍል ውስጥ ያልተገኘ አይመዘገብም፣ ያልተመዘገበ አይፈተንም። ጓደኛዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «አባቴ ከተጠራ አበቃልኝ። ያስወጣኛል» አለች። አልቅሳ አታውቅም፣ ያን ቀንም አላለቀሰችም። ከንፈሯ ግን ደርቆ ነበር።

«አባትሽ ማወቅ የለባቸውም» አልኳት። «አባት እናመጣለን።»

ደሴ ያልተማረ ሰው እዚህ ላይ ላያምነኝ ይችላል። አባት እንዋስ ነበር። የቤት አከራይ፣ ሎተሪ አዟሪ፣ ዘበኛ፣ ሽበት ያለው ሰው ሁሉ አባት ይሆናል። አንድ ደላላ በአንድ ወር ውስጥ የአራት ልጆች አባት ሆኖ ገብቷል፣ ሁለቱ እስላም፣ ሁለቱ ክርስቲያን። የበሩ ዘበኛ «ዛሬስ የማን አባት ነህ?» እያለ ነበር የሚያስገባው። ትምህርት ቤቱ ሊሆን የማይችል ነገር ከልጅ ሲጠይቅ ልጅ ምን ያድርግ? ዩኒት ሊደሩ ግን እየነቃ መጥቶ ነበር። የደሴን ሽማግሌ በሙሉ በመልክ ያውቃል። የኔንም አባት ያውቀዋል። ስለዚህ የምንዋሰው አባት ከኮምቦልቻ መምጣት ነበረበት።

ቅዳሜ ወረድኩ። መናኸሪያው አጥር ሥር ጫማ የሚሰፉ፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ ሽማግሌ አሉ። ፊደል አልቆጠሩም፣ ግን ያላቸው ግርማ! ነገሩን ስነግራቸው ወስፌያቸውን አስቀመጡ።

«ሐቂቃውን ንገሪኝ። ልጂቱ ጥፋት የለባትም?»

«የለባትም፣ አባባ። ያስተምሩን ነው ያለችው።»

«ያስተምሩን አለች?» ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያ ለአላህ ብዬ እመጣለሁ። ቤሳ አልቀበልም።»

ሰኞ ጠዋት አብረን ሐረጎን ወጣን። ነጭ ኮፍያ አድርገዋል፣ የታጠበ ጋቢ ለብሰዋል፣ ከዘራ ከጎረቤት ተውሰዋል። መንገዱን ሙሉ አስጠናኋቸው። የልጂቱን ስም፣ የቀበሌያቸውን ስም፣ ስንት በሬ እንዳላቸው ሳይቀር። ከዚያ ምን አልኳቸው? «አባባ፣ የሚሉዎትን ሁሉ እሺ ይበሉ። አይከራከሩ። ወረቀት ካቀረቡልዎት ይፈርሙና ይውጡ።» ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አይደለም፣ እኔ በገዛ አፌ!

ዩኒት ሊደሩ እኛን ሁለታችንን ውጭ አቁሞ እሳቸውን ብቻ አስገባ። መስኮቱ ሥር ቆመን እናዳምጣለን። ድምፃቸው ይሰማል፦ «እሺ ጌታዬ… አዎ ጌታዬ… ሥጋዋ የናንተ፣ አጥንቷ የኔ!» ጓደኛዬ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሣቀች። ከማክሰኞ ወዲህ ስትሥቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ሲወጡ አውራ ጣታቸው በቀለም ወይን ጠጅ መስሏል። «አብሽሩ፣ አለቀ። ደግ ሰው ነው፣ ወንበር አቀረበልኝ» አሉ። ሻይ በብስኩት ጋበዝናቸው። ሲለዩን የጓደኛዬን ራስ ይዘው እንደ እውነተኛ አባት ዱዓ አደረጉላት፣ እሷም ጉልበታቸውን ሳመች።

ማክሰኞ ጠዋት የክፍል ኃላፊያችን ስም ሲጠራ እሷን ዘለላት። «ቲቸር፣ እኔስ?» አለች። ቀና ብሎ አያት። «አንቺማ ወጥተሻል። አባትሽ አስወጥተውሻል።»

ሮጠን ቢሮ ገባን። ዩኒት ሊደሩ ሳይቸኩል ፋይሉን አውጥቶ ወረቀቱን ወደኛ አዞረው። እኔ የተማሪዋ ወላጅ አባት ልጄን በራሴ ፈቃድ ከትምህርት ገበታ ያነሣሁ መሆኔን በጣት አሻራዬ አረጋግጣለሁ ይላል። ከታች ያ አውራ ጣት አለ፣ ጥርት ብሎ።

ደሜ ፈላ። እስከ ዛሬም ይፈላል። ተማሪ ለማባረር ኮሚቴ መቀመጥ አለበት፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ አለበት፣ ዳይሬክተሩ መፈረም አለበት። አንድ ማንበብ የማይችል ሽማግሌ ወንበር ላይ አስቀምጦ ጣቱን መንከር ግን ሁለት ደቂቃ ነው። እንግዶቹ ደብተራቸው ላይ የጻፉትን የሚያጠፋለት ነገር ፈልጎ ነበር፤ «እርምጃ ተወስዷል» የሚል አንድ መስመር። ለዚያች መስመር የሰው ልጅ ሸጠ። ደግሞ እኮ አላጭበረበርኩም ሊል ነው! ሽማግሌው እሺ ብለዋል፣ ፈርመዋል። እሺ በሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ።

ጓደኛዬ ወረቀቱን አነበበችው። ደግማ አነበበችው። እኚህ አባቴ አይደሉም ብትል ኖሮ ወረቀቱ እዚያው ዋጋ ያጣ ነበር። ግን ታዲያ ማን ናቸው፣ ማን አመጣቸው ይባላል፣ እኔም አብሬ እባረራለሁ። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ሰውዬው መልሳ ገፋችው።

«እሺ» አለችና ወጣች።

ዕቃዋን በአንድ ማዳበሪያ ከታ ከሰዓት በኋላ ሄደች። «ቆይ መላ እንፈልግ» ብላት «እኔው ራሴ እነግረዋለሁ፣ ከሌላ ሰው ሳይሰማ» አለችኝ። ጫማ ሰፊው ነገሩን እስከ ዛሬ አያውቁም። ኮምቦልቻ በወረድኩ ቁጥር «ያቺ ልጄስ፣ ደህና ናት?» ይሉኛል፤ «ደህና ናት አባባ» እላለሁ። እንደሳቸው ያለ ደግ ሰው ላይ እንዴት ልጨክን?

ሐሙስ ጠዋት ወደ ክፍል ስገባ የትምህርት ቤቱ በር ላይ አባቷ ቆመዋል፣ እውነተኛው። ሌሊት ተነሥተው በእግራቸው ነው የመጡት፤ እግራቸው እስከ ባታቸው አቧራ ለብሷል፣ ጋቢያቸው ላይ የውቂያው እብቅ እንዳለ ነው። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። «ደህና ነሽ፣ የኔ ልጅ?» አሉኝ።

«ደህና ነኝ፣ አባባ።»

«ለምን አልጠራችሁኝም?»

«ያስወጡኛል ብላ ፈራች። ስምሽ በክፉ ከተነሣ ብለዋት ስለነበር…»

ነገሩን ከየት እንዳመጣነው የሚያስቡ ይመስላሉ። «ያን?» አሉ በመጨረሻ። «ያ እኮ ጨዋታ ነው፣ ልጄ። አባት የሚጫወተው። ብትጠሩኝ ውቂያውን ጥዬ እመጣ ነበር።»

ቢሮውን አሳዪኝ አሉ፣ ይዣቸው ገባሁ።

ዩኒት ሊደሩ ከላይ እስከ ታች አያቸው። «አባቷማ ሰኞ መጥቶ ፈርሟል። አንተ ደግሞ ማን ነህ?» አለ። አንተ! ልጁ የሚሆን ሰው እኮ ነው አንተ ያላቸው!

«አባቷ ነኝ፣ ጌታው። የሰኞው ሰው እኔ አይደለሁም።»

«ስንት አባት ነው ያላት?» አለ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ታይፒስት ከት ብላ ሣቀች። «የናንተን የአባት ንግድ የማላውቅ መሰለህ? መታወቂያ!»

መታወቂያቸውን አልያዙም። ማን ወደ ልጁ ትምህርት ቤት ሲሄድ አባትነቱን ይዞ ይሄዳል? ከቀበሌ ላምጣ አሉ። በእግር ሄዶ፣ እሱም አጨዳ ላይ ያለውን የቀበሌ ሊቀ መንበር ፈልጎ፣ ማኅተም አስመትቶ መመለስ። ዓርብ ደግሞ ነገ ነው። ይህንን እሳቸውም ያውቁታል፣ ሰውዬውም ያውቀዋል። ድንገት ወደኔ ዞሩ፣ ፊታቸው በራ።

«ይቺ ልጅ ታውቀኛለች! ከልጄ ጋር አንድ ቤት ነው የሚኖሩት። ለመውሊድ ቤቴ መጥታለች።»

ዩኒት ሊደሩ እስክሪብቶውን አነሣ። ያን ጊዜ ነገሩ የኔ ሥራ መሆኑ የገባው ይመስለኛል። ፈገግ አለ። «ታውቂያቸዋለሽ?» አለኝ። አሁን ደግሞ አንቱ አላቸው! «ተናገሪ እንጂ እውነት ከሆነ። እኚህ አባቷ ከሆኑ የሰኞው ሰውዬ ማን ነበር? ማን አመጣው? እሱንም አብረሽ ንገሪኛ።»

ወረቀቱ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። አንድ ቃል ከኔ ቢወጣ ይቀደድ ነበር። አባቴ የሌሊት ፈረቃ ጨርሶ ዓይኑ ቀልቶ ሲገባ ታየኝ። ደሴ ካልተማረች ያለው አባቴ።

ዓይኔን በጨው ታጥቤ «አላውቃቸውም» አልኩ።

አባቷ አዩኝ። ብዙም አላዩኝም። ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞረው «እውነቷን ነው» አሉ። «በሌላ ልጅ አምታትቻት ነው። ዓይኔ ደክሟል።» ኮፍያቸውን አስተካከሉና ወጡ። በሩን ቀስ ብለው ነው የዘጉት።

በማግሥቱ ፎቶዬን ይዤ ምዝገባ ተሰለፍኩ። ከኋላዬ የቆመችው የክፍላችን ልጅ «ጓደኛሽስ? አትመዘገብም እንዴ?» አለችኝ።

«አባቷ አስወጧት» አልኳት።